ዲያቆን አይምልም

ሥራዬን የጀመርሁት ውሃ በማደል ነው። እናንተ ወጣት መምህራን ማይክራፎን ይዛችሁ ስለ ጀመራችሁ፣ እኔም እንደዚያ የጀመርሁ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው ከዚህ የምነሣው።

ጎንደር የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጬ፣ ሳልጨርስ ችግር ገፋኝና መተማ ወረድሁ። ከመተማም ከሰሊጥ ሠራተኞች ጋር ድንበር ተሻግሬ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባሁ። እዚያ ያለችውን የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድሩት አባ ኪዳነ ማርያም የሚባሉ ቁጡ መነኩሴ ነበሩ። አንድ ገጽ አስነበቡኝ፣ አንድ ገጽ አስተረጎሙኝና፣ «ድምፅህ አይረባም፤ ትርጓሜህ ግን ይበቃል። ቁረይሻ እርሻ ላይ ያሉት ልጆቻችን ወንጌል የሚነግራቸው የላቸውም። ነገ ሎሪ ላይ ውጣ» አሉኝ። ቅጥሬ ይኸው ነው፤ ሌላ ደብዳቤ አላየሁም።

ነጠላዬን አጣፍቼ፣ መጽሐፌን ታቅፌ ከሎሪው ወረድሁ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ጊዜው አረም። በቆላው ሳሉግ የሚባሉት የወቅት ሠራተኞች በመስመር ጎንበስ ብለው ያርማሉ። አለቃቸው ካቦ ደሴ የሚባል፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ የበለሳ ሰው ነው።

«ማነህ?» አለኝ።

«ዲያቆን ነኝ። ላስተምር ተልኬ ነው።»

«ትምህርቱ እሁድ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው» አለና ጀሪካንና ጣሳ አስጨበጠኝ። «በል ለመስመሩ ውሃ አድል።»

«ዲያቆን እኮ ነኝ!» አልሁ።

«ዲያቆን ያደለው ውሃ ጥም አይቆርጥም እንዴ?»

መስመሩ በሙሉ ሳቀ። ፊቴ በርበሬ መስሎ ውሃውን አደልሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ አባ ምን ዓይነት ባለጌ አገር ላኩኝ እያልሁ ስብሰለሰል አመሸሁ።

እሁድ ደረሰና አስተማርሁ። ቦታችን ከካምፑ ጀርባ ያለች የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ናት። አትሮንስ ስለሌለ መጽሐፉን ሁለት የተደራረበ የሰሊጥ ጆንያ ላይ እዘረጋለሁ። አሠራሬ ጎንደር የኔታ ያስተማሩኝ ነው፤ ግዕዙን አነባለሁ፣ በአማርኛ እፈታለሁ፣ ከዚያ «አንድም» እያልሁ የሊቃውንቱን ፍቺ አንድ በአንድ አወርዳለሁ። አንዱ ቃል አራትና አምስት ፍቺ ይኖረዋል። ሠራተኞቹ ሳምንቱን ሙሉ ወገባቸው ተቆርጦ ስለሚመጡ፣ ሦስተኛው «አንድም» ላይ ግማሹ ያንኮራፋል። እኔም ሳያቸው ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ እነሱም ነቅተው መልሰው ይተኛሉ።

እንግዲህ ኸዋጃ ያኒን ያገኘሁት እንዲህ ስናንኮራፋና ስንጮህ ሦስት ዓመት ያህል ከሄድን በኋላ ነው።

አባ የቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያ ተሰብሮ፣ ብረት ቤቶቹ መካከል ፈልግ ብለው ላኩኝ። ከእህል ገበያው ጀርባ፣ ረክሻ የሚሏቸው ባጃጆች ከሚጠገኑበት መንገድ ላይ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መጽሐፍ ያነባል። ሱዳኖች ነጭ ሰው ሁሉ ኸዋጃ ነው የሚሉት። ይህ ግን አያቱ ለንግድ መጥተው የቀሩ፣ እሱም አባቱም ገዳሪፍ የተወለዱ ግሪክ ነው። ዐረብኛውን ከጎረቤቶቹ አትለየውም። የመኪና ዕቃ ሲሸጥ ኖሮ፣ አሁን ከሱቁ የቀሩት ጥቂት ማጠፊያና ብሎን ብቻ ናቸው።

«ምን ያነባሉ?» አልሁት ማጠፊያውን ሲፈልግልኝ።

«የእናቴን ወንጌል» አለ። «መነጽሬ ስለተሰበረ በቃሌ የማውቀውን ብቻ ነው የማነበው።»

ወንጌል መጀመሪያ የተጻፈበት ቋንቋ እፊቴ ተቀምጦ ብሎን ይቆጥራል! ትርጓሜ ቤት የኔታ ግሪኩን «ጽርዕ እንዲህ ይላል» እያሉ ሲያልፉ፣ ጽርዕ ማለት ከሰማይ በታች የሌለ አገር ይመስለኝ ነበር።

ለአባ ብነግራቸው ተቆጡ። «እነሱ ሁለት ባሕርይ ባዮች ናቸው!» አሉ።

«አባ፣ እኔ የምጠይቀው ቃል ብቻ ነው።»

«ቃሉን ተቀበል፤ ስለ ባሕርይ ከጀመረ ጆሮህን ያዝ» ብለው ፈቀዱልኝ። ይህን ለያኒ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «ወንድሜ፣ እኔ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ የማውቀው የዘይትና የውሃን ባሕርይ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የራሴን ማዕረግ ነው። ዲያቆን የሚለው ቃል ከነሱ እንደ መጣ አውቃለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን በደንብ ቢነግረኝ ብዬ ነው። ክብር ፍለጋ መሆኑን አልደብቃችሁም።

«ዲያኮኖስ? ማዕድ ላይ ቆሞ የሚያሳልፍ ነው» አለኝ። «የሚላክ፣ የሚታዘዝ።»

«አሳላፊ?»

«አሳላፊ።»

«ውሃስ ያድላል?»

«ውሃ የሌለበት ማዕድ ደግሞ ምን ማዕድ ነው?»

ቁረይሻ ተመልሼ ለካቦ ደሴ ነገርሁት። ባልነግረው ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስሜ «አሳላፊው» ሆኖ ቀረ። ቢሆንም ያን እሁድ ማንም አላንኮራፋም።

ከያኒ ጋር የነበረን የሥራ ሥርዓት ይህ ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ ከደጃፉ እቀመጣለሁ። ደብተሬን አራት ቦታ አስምሬዋለሁ፤ አንደኛው ለግዕዙ፣ ሁለተኛው ለታተመው አማርኛ፣ ሦስተኛው ለግሪኩ በእኛ ፊደል፣ አራተኛው ባዶ። አዲስ መነጽር ካሠራ በኋላ እሱ ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቃል ብቻውን አንይዝም፤ ያ ቃል ወንጌል ውስጥ ሌላ የት የት እንዳለ እንፈልጋለን። እኔ ቦታውን በግዕዙ አውቀዋለሁ፣ እሱ ግሪኩን ያወጣል። «ተጠንቀቅ» ይለኝ ነበር ሁልጊዜ። «የእናቴ ግሪክኛና የወንጌሉ ግሪክኛ የአያትና የልጅ ልጅ ናቸው። መልካቸው ይመሳሰላል፤ ጠባያቸው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም።» ብዙ ጊዜም «አላውቅም» ብሎ ይዘጋዋል። ከሊቃውንት አፍ እምብዛም ያልሰማሁትን ቃል የሰማሁት ከዚህ ብሎን ሻጭ ነው።

አራተኛው ባዶ ቦታ ምን እንደሚጻፍበት ያስተማረችኝ እትዬ ጥሩ ናት። እትዬ ጥሩ የካቦ ደሴ ሠራተኞች ወጥ ቤት ናት፤ የመተማ ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሰላ። በአንድ እሁድ፣ ወንበዴዎች ደብድበው መንገድ ላይ የጣሉትን ሰውና ያነሣውን ሳምራዊ አስተምር ነበር። የታተመው አማርኛ ሳምራዊው «አዘነለት» ይላል። ያኒ ግን በግሪኩ ያለው ቃል፣ ስፕላኽኒዞሜ የሚሉት፣ ስፕላኽና ከሚባለው ከሆድ ዕቃ የወጣ ነው ብሎኛል፤ ልብ፣ ጉበት፣ አንጀት። ይህን ለማስረዳት ስንት ዞርሁ! «የውስጥ ሕዋሳቱ በርኅራኄ ምክንያት…» እያልሁ ስንተባተብ እትዬ ጥሩ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣

«የኔታ፣ አንጀቱን በላው ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«እ… አዎ።»

«ታዲያ እሱን ለማወቅ ኸዋጃ ዘንድ ምን አስኬደዎት? እኔን አይጠይቁኝም ነበር?»

ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ከልቤ ደነገጥሁ። መጽሐፉ «አዘነለት» ሲል ከሩቅ ቆሞም ማዘን ይቻላል። አንጀቱን የተበላ ሰው ግን ቆሞ ማለፍ አይሆንለትም። ግሪኩ ያን ያህል ዘመን አልፎ፣ በእትዬ ጥሩ አፍ ሳይሸራረፍ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራተኛው ቦታ የሠራተኞቹ ሆነ። ሠራተኛው በራሱ አፍ መልሶ ካልነገረኝ አንድም ቃል ተምሬዋለሁ ብዬ አልጽፍም ነበር።

እንዲህ ስንል ዓመታት አለፉ፤ አባ ኪዳነ ማርያም ዐረፉ፣ ሌላ አስተዳዳሪ ተሾመ፣ የኔም ጢም ሸበተ። ስሜም ወጣ። «ጽርዕ የሚያውቀው ዲያቆን» እየተባልሁ እስከ ከሰላ ከተማ ድረስ ለስብከት እጠራለሁ። ስም ጥሩ ነገር አይደለም፤ ሰው ሳያውቀው ይከብደዋል።

ከዚያ በትግራይ ጦርነት ሆነ፤ በድንበሯ መንደር በሐምዳይት በኩል ሕዝብ ወንዝ እየተሻገረ ገባ። ያን ጊዜ እኛ የጎንደር ሰዎችና እነሱ እንዴት እንደምንተያይ ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልዘረዝረውም። በማግስቱ ዓመት መኸር ላይ፣ ከሐምዳይት ሥራ ፍለጋ የመጣ ኪሮስ የሚባል የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ከካቦ ደሴ ሠራተኞች ጋር ገባ። አማርኛ ይችላል፤ ግን አይናገርም። ይሠራል፣ ይበላል፣ ለብቻው ይቀመጣል። እሁድ ትምህርት ላይ ከሁሉም ኋላ ጀርባውን ለግንድ ሰጥቶ ያዳምጠኛል። አንድም ቀን ጠርቼ አላነጋገርሁትም። ሲደንቀኝ የሚኖር ይሄ ነው፤ አንድም ቀን።

ሰሊጥ ታጭዶ ሲታሰር፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እስኪደርቅ። ያንን ክምር ሂላ እንለዋለን። አንድ ቀን ቀትር ላይ አንዱ ሂላ ተቃጠለ። ደረቅ ሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሮጠው ሳይደርሱበት አመድ ሆነ። የባለ እርሻው ወኪል መጣና «ማነው?» አለ። ማንም የኪሮስን ስም አልጠራም። ዓይን ብቻ ወደሱ ዞረ። ወኪሉ ዓይናቸውን ተከትሎ አየ፤ ከሰዓት በኋላ ፖሊስ መጥቶ ኪሮስን ገዳሪፍ ወሰደው።

እሳቱ ሲነሣ ኪሮስ የት እንደነበር የምታውቅ አንዲት ሰው ነበረች። እትዬ ጥሩ። ከእርሻው ራቅ ካለው የውሃ ጉድጓድ አብረው ነበሩ፤ ጀሪካኑን አህያ ላይ የጫነላት እሱ ነው። ጭሱን ያዩት አብረው ነው። ለካቦ ደሴ ነገረችው።

«እትዬ ጥሩ፣ ተይ» አላት። «እሱ ይፈታና እኛን አርባችንን ይጠይቁናል።»

ደሴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። አርባ ሰው ይዞ ሰው አገር ያለ ሰው ፍርሃቱም አርባ ነው።

እሷ ግን አልተወችም። በሎሪ ገዳሪፍ ወርዳ፣ የሱዳን ሴቶች የሚለብሱትን ቶብ ተከናንባ፣ ሐሙስ ጠዋት ቤቴ መጣች። ከእስር ቤቱ በር ደርሳ ምግብ አቀብላው ነበር። የሆነውን ሁሉ ከእሱ ሰምታለች። ኪሮስ ዐረብኛ በሚገባ አይሰማም፤ ፖሊሶቹ አንድ ወረቀት አቅርበው አሻራህን አድርግ አሉት። የስደተኛ ካምፕ ምዝገባ መስሎት አደረገ። እሳቱን እኔ ለኮስሁ የሚል ወረቀት ኖሯል። መህከማ፣ ማለትም ፍርድ ቤት፣ ቀርቦ «ይህ አሻራ ያንተ ነው?» ሲሉት፣ የሱ ነውና ራሱን ነቀነቀ። ዳኛው የሚያስተረጉምለት እንዲፈለግ ብሎ ለመጪው ማክሰኞ ቀጠረው። እሷ ልትመሰክር ዝግጁ ናት፤ ግን ቋንቋ የላትም።

«የኔታ፣ እርስዎ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጡት» አለችኝ። «ይምጡና ቃላችንን ያድርሱልን። ካልሆነ ልጁ ባልሠራው መቅረቱ ነው።»

ሦስት ነገር ፈራሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጊዜው አልፎበታል፤ መህከማ ብገባ ያዩብኛል ብዬ ፈራሁ። ለትግራይ ልጅ ቆመ ብለው የኛ ሰዎች ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ስሜንም ፈራሁለት። ከአፌ የወጣው ግን ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

«እትዬ ጥሩ፣ አስተርጓሚ መሐላ ይምላል» አልኋት። «ዲያቆን አይምልም። ሥርዓታችን አይፈቅድም።»

እውነት ነው፤ የኛ አገልጋይ አይምልም። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እውነት ይዞ መዋሸት እንደሚቻል ያወቅሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ጥቂት አየችኝ። «እንግዲህ ሥርዓት ከሆነ…» ብላ ተነሣች። ውሃ እንኳ አልጠጣችም።

እሁድ እንደ ወትሮዬ ቁረይሻ ሄድሁ። ለዚያ ሳምንት ያዘጋጀሁት፣ ጌታ ከመያዙ በፊት በነበረው ምሽት ለደቀ መዛሙርቱ ጰራቅሊጦስን እንደሚልክላቸው የተናገረውን ነው። ከአንድ ወር በላይ ከያኒ ጋር የሠራሁበት ቃል ነበር፤ እንደሱ የተዋጣልኝ የለም። የኔታ ናዛዚ፣ አጽናኝ ነው ብለው አስተምረውኛል። ልክ ነው። ያኒ ግን ቃሉን እንደ ሞተር ፈታታልኝ። ፓራ ማለት ከጎን፤ ክሊቶስ ማለት የተጠራ። ከጎን እንዲቆም የተጠራ። በድሮ ዘመን ሰው ሲከሰስ፣ መጥቶ አብሮት ዳኛ ፊት የሚቆምለትን እንዲህ ይሉት ነበር። «እኛ ቤትም ቃሉ አልሞተም» ብሎኛል ያኒ። «ሰው ስንለምን ፓራካሎ እንላለን፤ እባክህ ማለት ነው። ከሥሩ ስትነቅለው፣ ወደ ጎኔ ና ብዬ እጠራሃለሁ ነው።»

ይህን ሁሉ ከቁርቁራው ሥር ዘረገፍሁት። አቤት ሲያምርልኝ! «እንግዲህ ወገኖቼ፣ አጽናኝ ስንል እንባ የሚጠርግ ብቻ እንዳይመስላችሁ! ሰው ሁሉ ሸሽቶህ ብቻህን ዳኛ ፊት ስትቆም፣ ከጎንህ መጥቶ የሚቆም ነው!» አልሁ። አንድም ሰው አላንኮራፋም። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ልባቸው ተነክቶ መሰለኝ።

እትዬ ጥሩ ከኋላ፣ ኪሮስ ይቀመጥበት ከነበረው ግንድ አጠገብ ቆማ ነበር። አልጮኸችም፤ ድምፅዋ ግን ለሁሉ ደረሰ።

«ታዲያ የኔታ፣ ማክሰኞ ለኪሮስ ማን ይቆምለት?»

ደሴን አየሁት፣ ደሴ መሬት ያያል። ሰዎቹ አንገታቸውን የደፉት ትምህርቴ ነክቷቸው ሳይሆን አፍረው ነው፤ ለራሳቸውም አፍረው፣ ለእኔም አፍረው። ለካ ዲያቆን አይምልም ያልሁትን ሁሉም ሰምቷል። እኔ የግሪኩን ፍቺ ሳወርድ እነሱ የሚያስቡት መህከማውን ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁ። «እኔ» ማለት ሲገባኝ፣ ታቅፌው ወደ ሎሪው ሄድሁ። በስተርጅና እንዲህ ያፈርሁበት ቀን የለም።

ሰኞ ጠዋት ያኒ ዘንድ ሄድሁ። ኪሮስን በዋስ ለማስለቀቅ የአገሩ ዜጋ መፈረም አለበት፤ ዳሚን ይሉታል። እኔ ማስተርጎም እንጂ ዋስ መሆን አልችልም። ያኒ በዚያን ጊዜ ሰማንያውን ሳያልፍ አልቀረም፣ ያለ ምርኩዝ አይቆምም። ደብተሬን ሳልይዝ ስመጣ ሲያይ ግራ ገባው።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?» አለ።

ያሰብሁትን ንግግር ሁሉ ረሳሁት። «ፓራካሎ» አልሁት።

ያን ቃል ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ ተንትኜዋለሁ። ለሰው ስናገረው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ያኒ ፊቴን አየ። ተቀመጥ ብሎ ሁሉንም ካስነገረኝ በኋላ፣ ምን አደረገ አላለም፣ ሃይማኖቱን፣ ወገኑን አልጠየቀም።

«የልጁ ስም ማነው?» አለ።

«ኪሮስ።»

«እንዴ፣ ይሄማ የእኛም አገር ስም ነው» አለና ምርኩዙን ፈለገ። «መህከማው ስንት ሰዓት ነው?»

«ነገ ነው ያኒ።»

«እሺ፤ ነገ በጠዋት ረክሻ ይዘህ ና።»

ማክሰኞ አራት ሆነን ቀረብን፤ እትዬ ጥሩ፣ ያኒ፣ እኔ፣ አራተኛው ካቦ ደሴ ነው። ማንም አልጠራውም፤ በገዛ እጁ በሎሪ መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተጎልቶ አገኘነው። «ውሃ የሚያድል ካስፈለገ ብዬ ነው» አለኝ። በዚያ ሰዓት እንኳ አይተወኝም።

ዳኛው መነጽር ያደረጉ፣ ለስላሳ ተናጋሪ ሰው ናቸው። «ያ ቀሲስ» አሉኝ፣ ቄስ ሆይ ማለታቸው ነው፤ «ማል።»

«ጌታዬ፣ በኛ ሥርዓት አገልጋይ አይምልም» አልሁ።

«እውነቱን ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

«እንግዲያስ ይበቃል» አሉና ወደ ወረቀታቸው ዞሩ። ያ የተሸሸግሁበት ግንብ በሁለት ቃል ፈረሰ። የመኖሪያ ወረቀቴንም ማንም አልጠየቀኝም።

ጸሐፊው ሥርዓቱን ነገረኝ። «እሱ እንዲህ ይላል» ማለት የለም። ተከሳሹ «እኔ» ካለ አንተም «እኔ» በል። እሺ አልሁ። እትዬ ጥሩ መሰከረች፤ ጉድጓዱን፣ አህያውን፣ ጀሪካኑን፣ ጭሱን ያዩበትን ቦታ። አንድም ቃል አላጎደለችም፤ አንድም አልጨመርሁባት።

ከዚያ ዳኛው ወደ ኪሮስ ዞሩ። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ባለፈው እዚህ ቆመህ አሻራው ያንተ ነው ወይ ስትባል፣ ለምን አልሠራሁም አላልህም? ለምን ዝም አልህ?» አሉት። ተርጉሜ ነገርሁት።

ኪሮስ እኔን አላየም። መሬቱን እያየ በትግርኛ መለሰ፤ «ሰብ ኣይነበረንን።»

የጎንደር ሰው ነኝ፤ ይህን ለመስማት አስተርጓሚ አያሻኝም። ሰው አልነበረኝም ነው ያለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ውሃው ሲናወጥ የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ያለውን መፃጉዕን በየዐቢይ ጾሙ አስተምራለሁ፤ ቃሉን በግዕዝም በግሪክም ጽፌዋለሁ። አሁን ዳኛው እየጠበቁኝ ነው። «እሱ እንዲህ ይላል» ማለት ክልክል ነው።

«ማ ካን ዒንዲ ዞል» አልሁ በዐረብኛ። ሰው አልነበረኝም።

ድምፄ ተሰበረ። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ፤ ሽማግሌ አስተርጓሚ ምን ሆኖ ያለቅሳል ሳይሉ አልቀሩም። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ሰው እንዳይኖረው ያደረግሁት እኔ ነበርሁ፤ ሐሙስ ዕለት ቤቴ ድረስ ተጠርቼ ነበር።

ዳኛው ሳያስተረጉሙ የተወሰደ አሻራ አልቀበልም አሉ። ያኒ ምርኩዙን አስደግፎ በዋስነት ፈረመ፤ ኪሮስ ያን ዕለት ወጣ። ከጥቂት ሳምንት በኋላም ማስረጃ የለም ተብሎ ጉዳዩ ተዘጋ። እሳቱን ማን እንዳስነሣው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ኪሮስን ሐምዳይት እናቱ ዘንድ ያደረስነው እኔና እትዬ ጥሩ ነን። እናቱ ጠፍቷል ሲሏት ሞቷል ብላ ቁጭ ብላ ነበር። ልጇን አቅፋ ከለቀቀች በኋላ የእትዬ ጥሩን ጉልበት ሳመች፣ ከዚያ እጄን ይዛ ደጋግማ ሳመችው። ልነጥቃት ፈለግሁ፤ ግን ምን ብዬ? ኪሮስ መጀመሪያ እምቢ ማለቴን ለእናቱ አልነገረብኝም። ስንለያይ በአማርኛ፣ «የኔታ፣ እሁድ እመጣለሁ» አለኝ። ቃሉን ጠበቀ፤ መጣ። እኔም ከፊት ወንበር ፈልጌ አስቀመጥሁት።

ያኒ በዓመቱ ገዳሪፍ ላይ ዐረፈ። የእናቱ ወንጌል አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ እንደ እሱ አላነበውም፣ እየተንገዳገድሁ ፊደሉን እለቅማለሁ። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ አንዱን ቃል ስትነኩት ሥሩ ከነቅርንጫፉ ይወጣላችኋል። ጥሩ ነው፤ እኔ አልቃወምም። እኔ አንድ ወር የፈጀብኝን በአንድ ደቂቃ ታገኙታላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

የምላችሁ አንድ ነው። ፍቺውን አግኝታችሁ ለእሁድ ስትዘጋጁ፣ በዚያ ሳምንት ኑልኝ ብሎ የጠራችሁ ሰው እንዳለ መጀመሪያ አስታውሱ። ካለ ሂዱ። ትምህርቱ ለሌላ እሁድ ይቆያል።